ሞምባሳ ስትሄዱ ድልድዩንም ተሻገሩ



ከመካከላችሁ ናይሮቢ ደርሶ የተመለሰ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። አንዱ ለስብሰባ፣ አንዱ ለትምህርት፣ ሌላው ለሕክምና፣ ሌላው ደግሞ እዚያ የሚኖር ዘመዱን ለመጠየቅ ይሄዳል። «ሞምባሳስ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን «ኧረ ጊዜ የት አለ!» ይላል። እኔና ባለቤቴም እንዲሁ ነበርን። ሁለት ጊዜ ናይሮቢ ሄደን ሁለቱንም ጊዜ ከስብሰባ አዳራሽና ከእንግዳ ማረፊያ በቀር ምንም ሳናይ ተመልሰናል። በሦስተኛው ግን የጋብቻችን ሃያኛ ዓመት ስለነበረ፣ ጥቂት ጥቂት እያልን ባጠራቀምነው ገንዘብ ሁለቱን ልጆቻችንን ይዘን አምስት ቀን ለሞምባሳ መደብን። የመጋቢ ቤተሰብ ሽርሽር ሄደ ሲባል ቅር የሚለው ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ጌታችን ከብዙ ድካም የተመለሱትን ሐዋርያት ጥቂት እንዲያርፉ እንዳደረጋቸው (ማርቆስ 6፥31) አስታውሼ ሻንጣዬን አሰናዳሁ።

እናንተም አንድ ቀን ዕድሉን ብታገኙ ምን ማየት እንዳለባችሁ፣ ከምን መጠንቀቅ እንዳለባችሁ፣ የትኛውንስ ብትተዉት እንደማይቆጫችሁ ልንገራችሁ። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በባቡር ወደ ባሕር

ከናይሮቢ ሞምባሳ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። እኛ የመረጥነው ግን በ2017 ሥራ የጀመረውን ባቡር ነው። ወደ 480 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በአምስትና በስድስት ሰዓት መካከል ይጨርሰዋል። ትኬቱ በበዓላት ሰሞን ቶሎ ስለሚያልቅ ቀደም ብላችሁ ቁረጡ። የናይሮቢው ጣቢያ ከመሀል ከተማ ወጣ ያለ ነው፤ ፍተሻውም ረጅም ስለሆነ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። የሁሉም ሰው ሻንጣ መሬት ላይ በረድፍ ይደረደርና ውሻ እያሸተተ ያልፋል። ታናሿ ልጄ «ዳቦ ቆሎዬን ሊበላብኝ ነው!» ብላ ስትጮህ ከፊታችን ያሉት ኬንያውያን ሳይገባቸው አብረውን ሳቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ኬንያ ከ2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ያለ ፌስታል ዕቃ ማሰር አንችልበትም። ጫማውን በፌስታል፣ በርበሬውን በፌስታል፣ ፎጣውን በፌስታል! ከቤት ስትነሡ ሁሉንም በጨርቅ ከረጢት አድርጉት።

ባቡሩ ናይሮቢን ለቆ ብዙም ሳይቆይ ሜዳው ይከፈታል። ጻቮ በሚባለው ሰፊ የዱር አራዊት መጠበቂያ መካከል ሲያልፍ ዓይናችሁን ከመስኮቱ አትንቀሉ። የአካባቢው አፈር ቀይ ስለሆነ፣ አፈሩን በላያቸው እየበተኑ የሚታጠቡት ዝሆኖች እንደ ሸክላ ቀልተው ይታያሉ። በ1898 የድሮው የባቡር መስመር ሲሠራ ሁለት አንበሶች እየመጡ ሠራተኞችን ይበሉ የነበረው በዚሁ በጻቮ ነው። ይህን ለልጆች ከባቡሩ ከወረዳችሁ በኋላ ብትነግሯቸው ይሻላል። እኔ ቀድሜ ተናግሬ ተጸጽቻለሁ።

ሞምባሳ ጣቢያ ስንደርስ የሚቀበለን ሹፌር በስልክ «ሳ ናኔ» እያለ ይናገር ነበር። ናኔ ስምንት ማለት እንደሆነ ባለቤቴ ያውቃል። ሰዓቴን ባየው በእኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ነው! ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው፣ ጠዋቱን አንድ ሰዓት ብለው እንደሚቆጥሩ ያን ቀን ተረዳሁ። ከቤቷ በወጣች ማግሥት የአገሯ ሰዓት የጠበቃት እንግዳ ምን ያህል እንደምትደሰት ገምቱ። ቆይተን ደግሞ ሳህን ሳሃኒ፣ ወቅት ዋካቲ፣ ባንዲራ ቤንዴራ ሲባል ሰማን። ልጆቹ እስከ መመለሻችን ድረስ የሚመሳሰል ቃል ለቀማ ላይ ነበሩ።

በጌታ ስም የተጠራው ምሽግ

ሞምባሳ ደሴት ናት። በስተ ሰሜን በኒያሊ ድልድይ፣ በስተ ምዕራብ በማኩፓ መንገድ ከዋናው ምድር ጋር ትገናኛለች። በስተ ደቡብ የሚሻገር ሰው ግን የሊኮኒን ፌሪ ይጠብቃል። ፌሪው መኪናውንም ሰውንም በአንድ ላይ ጭኖ ይሻገራል፤ እግረኛ አይከፍልም። ወደ ዲያኒ ባሕር ዳርቻ ለመሄድ ባታስቡ እንኳ ማታ ከሥራ የሚመለሰውን ሕዝብ ለማየት አንድ ጊዜ ተሳፈሩበት።

መጽሐፎችና የሆቴል ወረቀቶች በመጀመሪያ የሚያሳዩአችሁ በሞይ ጎዳና ላይ የተተከሉትን ትልልቅ የዝሆን ጥርሶች ነው። በ1950ዎቹ የእንግሊዝ ንጉሣውያን ቤተሰቦች ሲመጡ ለክብራቸው የተሠሩ ናቸው። የምናየው ብረት ነው እንጂ እውነተኛ ጥርስ አይደለም። እውነቱን ለመናገር፣ ከመኪና ሳትወርዱ ብታዩአቸው ይበቃል።

ፎርት ጂሰስ ግን ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ትርጉሙ «የኢየሱስ ምሽግ» ማለት ነው። ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 ባለው ጊዜ ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይ ላይና በዚያው ድንጋይ የሠሩት ነው። ንድፉን ያወጣው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የተባለ ጣሊያናዊ ሲሆን፣ ምሽጉ ከላይ ሲታይ እጁንና እግሩን የዘረጋ ሰው ይመስላል። ግንቡ ላይ ወጥታችሁ ስትመለከቱ አንዱ ጎን ክፍት ባሕር ነው፤ ሌላው ጎን አሮጌው ወደብ ነው። ከወደቡ ባሻገር ደግሞ ዋናው ምድር ይታያል። ያንን ማዶ አስታውሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አስጎብኚው ታሪኩን ሲነግረን ደም ያልፈሰሰበት ዘመን ያለ አይመስልም ነበር። ሕንድ አገር በጎዋ በክርስትና ያደገው የሞምባሳ ሱልጣን ዩሱፍ ቢን ሐሰን በ1631 በፖርቱጋሎቹ ላይ ተነሥቶ ምሽጉን ያዘ፤ በከተማይቱ የነበሩ ክርስቲያኖችም ተገደሉ። ከዚያ ከ1696 እስከ 1698 የኦማን ዐረቦች ለሠላሳ ሦስት ወር ያህል ከበቡት። ውስጥ የነበረውን ሕዝብ ከጥይት ይልቅ ረኀብና በሽታ ፈጀው፤ በመጨረሻ በሩ ሲሰበር የቀሩት ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ለእርዳታ መጥታ በ1697 እዚያው ምሽጉ ሥር የሰጠመችው የፖርቱጋል መርከብ ዕቃ ዛሬ ውስጥ ባለው ሙዚየም ይታያል። እንግሊዞች ደግሞ ከ1895 እስከ 1958 እስር ቤት አደረጉት። በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጄ በአንድ መድፍ ላይ ተደግፎ፣ «እማዬ፣ ታዲያ ለምን በኢየሱስ ስም ጠሩት?» አለኝ። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ተምሬያለሁና መልስ አላጣሁም። ፖርቱጋሎች በመስቀል ሰንደቅ ሥር ይዘምቱ እንደነበረ ነገርኩት። የቫስኮ ዳ ጋማ መርከቦች በ1498 እዚሁ ሞምባሳ ደርሰው በጠላትነት እንደተለያዩ፣ ልጁ ክሪስቶቮ ደግሞ በ1541 ወታደሮች ይዞ ወደ እኛ አገር መጥቶ ከግራኝ አህመድ ጋር ሲዋጋ በማግሥቱ ዓመት ሕይወቱ እዚያው እንዳለፈ አስረዳሁት። ልጁ ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ፣ «እሱማ ገባኝ፤ ግን ለምን በእሱ ስም?» አለ። ያን ጊዜ ዝም አልኩ። ጥያቄው ታሪክ አልነበረም።

ከምሽጉ ስትወጡ በእግር ወደ አሮጌው ከተማ ግቡ። መንገዶቹ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉባቸው ቦታዎች አሉ። በእንጨት ላይ አበባና ሰንሰለት የተቀረጸባቸው በሮች፣ ወደ ጎዳናው የወጡ ሰገነቶች፣ በ1570 እንደተሠራ የሚነገርለት የማንድሪ መስጊድ፣ የቅመማ ቅመም ሱቆች ሁሉ እዚያ ናቸው። ነዋሪዎቹ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ስለሆኑ እኛ ሴቶች ትከሻችንንና ጉልበታችንን ሸፍነን ብንሄድ ደግ ነው። ሰውን ሳታስፈቅዱ ፎቶግራፍ አታንሡ። ወደ ማታ የቡና ሻጮች ከነሐስ የተሠራ ረጅም ማንቆርቆሪያ በከሰል ላይ ጥደው ይቀመጣሉ። ቡናው ዝንጅብል ይገባበታል፤ ጆሮ በሌለው ትንሽ ሲኒ ይቀዳል። የእኛን ጀበና ለለመደ ሰው ቀጭን ነው። ግን ሽማግሌዎቹ ወንበር ጠጋ አድርገው «ካሪቡ» ብለው ሲጋብዙ እምቢ ማለት አይቻልም።

ስለ ምግቡም ጥቂት ልበል። ቁርስ ላይ ማሃምሪ የሚሉት አለ፤ የእኛን ቦንቦሊኖ ይመስላል፤ ሄል ይገባበታል። በኮኮናት ወተት ከተሠራ የአተር ወጥ ጋር ይበላል። ሩዙም በኮኮናት ወተት ይቀቀላል። ወደ ማታ ማማ ንጊና በሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ከጥንታዊዎቹ የባኦባብ ዛፎች ሥር ተቀምጣችሁ በሎሚና በሚጥሚጣ የተለወሰ የካሳቫ ጥብስ ብሉ። አራታችንም የጠገብነው በጥቂት ሽልንግ ነበር።

ባሕሩ

ልጆቻችን ባሕር አይተው አያውቁም ነበር። እኔም ያየሁት በአውሮፕላን መስኮት ነው። በኒያሊ ዳርቻ ጫማችንን አውልቀን አሸዋው ላይ ስንቆም ታናሿ እጇን ነክራ ቀመሰችና፣ «በእውነት ጨው ነው!» ብላ ወደ አባቷ ሮጠች። መምህሯ ነግራታለች፤ መጽሐፉም ይላል፤ ግን አላመነችም ነበር ማለት ነው።

ባሕሩ በምሥራቅ በኩል ስለሆነ ፀሐይ የምትወጣው ከውሃው ውስጥ ነው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ተነሥታችሁ ዳርቻው ላይ ብትጸልዩ ከአምስቱ ቀን ሁሉ የማትረሱት ይህን ይሆናል። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሲጎድል እጅግ ብዙ ርቀት ስለሚሸሽ በእግር ወደ ኮራሉ መሄድ ይቻላል። ነገር ግን በድንጋዩ ውስጥ እንደ ጃርት እሾህ ያላቸው የባሕር እንስሳት አሉና ባዶ እግር አትሂዱ፤ ውሃው መመለስ ሲጀምርም ዛሬ ነገ አትበሉ። ለመዋኘት የሙላቱን ሰዓት ጠብቁ። በየዳርቻው ጀልባና ግመል የሚያከራዩ ወጣቶች ይከብቧችኋል። ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ግመል ለመውጣት ግን ከኢትዮጵያ ሞምባሳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ብዬ ልጆቼን አሳምኛቸዋለሁ።

ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከኒያሊ በስተ ሰሜን ባምቡሪ ያለውን ሃለር ፓርክ እንዳትዘሉት። ቦታው የሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ የተፈለፈለበት ጉድጓድ ነበር። ሣር እንኳ የማይበቅልበት ባዶ ድንጋይ ሆኖ ሲቀር ረኔ ሃለር የተባለ የስዊዘርላንድ ሰው ከ1971 ጀምሮ ዛፍ ይሞክርበት ጀመር። ሃያ ስድስት ዓይነት ተክሎ የጸኑለት ሦስት ብቻ ናቸው። ከእነርሱም የበረታው በእኛ አገር ሸውሸዌ የምንለው ነበር። የሚረግፈው ቅጠል ወደ አፈር አልለወጥ ሲለው ደግሞ ብዙ እግር ያላቸውን ጥቋቁር ትሎች አምጥቶ ለቀቀበት። እነርሱ ቅጠሉን እየበሉ አፈር ሠሩለት። ዛሬ ደን ነው። ቀጭኔ በእጃችሁ ታበላላችሁ፤ ጉማሬና አዞም አለ። በ2004 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሱናሚ በተነሣ ጊዜ በማሊንዲ በኩል ወደ ባሕር ተወስዶ ብቻውን የተገኘ ግልገል ጉማሬ ወደዚህ ፓርክ ሲመጣ፣ በዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ የሚገመት ኤሊን እንደ እናቱ ተጠግቶ ኖሯል። ጉማሬው ኦወን፣ ኤሊው ምዜ ይባሉ ነበር። ምዜ በስዋሂሊ ሽማግሌ ማለት ነው። ታሪኩ ለልጆች መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል።

ከድልድዩ ማዶ

አሁን ከምሽጉ ላይ ወዳየነው ማዶ ልመልሳችሁ።

ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የሚለውን ስም አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ነው። በ1837 ወደ አገራችን መጥቶ፣ ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ቆይቷል። በልቡ ያለው ወደ ኦሮሞ ሕዝብ መድረስ ነበር። በ1842 ከሸዋ ወጥቶ ግብፅ ውስጥ ሮዚና ዲትሪክ የምትባል ልጃገረድ አገባ። ሁለቱ ተያይዘው ተመልሰው ሊገቡ ቢሞክሩ መንገዱ ተዘጋባቸው። በዚያ ጉዞ ላይ ሮዚና በበረሃ መካከል ያለ ወሯ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗም አልቆየችም። አባትየው በአማርኛ ስም አወጣላት፤ «እንባ» አላት።

ክራፕፍ ከዚያ በኋላ እንዲህ አሰበ፦ በሰሜን በኩል ከተዘጋብኝ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ዞሬ ከደቡብ በኩል ወደ ኦሮሞ አገር እገባለሁ። በ1844 ሚስቱን ይዞ በዛንዚባር በኩል ሞምባሳ ደረሰ። ሞምባሳ መድረሻው አልነበረችም ማለት ነው። ወደ እኛ የሚወስድ በር ፍለጋ ነው የመጣው። ስዋሂሊ መማር ጀመረ፤ በሰኔ ወር ኦሪት ዘፍጥረትን መተርጎም ጀመረ። በሚቀጥለው ወር ሮዚና ሁለተኛ ሴት ልጅ ወለደች፤ ወዲያው ባልና ሚስት ሁለቱም በንዳድ ወደቁ። ሮዚና በቀናት ውስጥ ዐረፈች፤ ባሏ አጠገቧ ሆኖ እንኳ ቀና ብሎ ለማየት አቅም አልነበረውም። ሕፃኗም ተከተለቻት። በደሴቲቱ ላይ ሳይሆን በማዶ በዋናው ምድር ተቀበሩ። የአገሩ ሰዎች በዚያ ሲያልፉ ለምን እንደመጣች እንዲያስቡ ሮዚና ራሷ የፈለገችው ነበር።

ይህን ታሪክ ኮሌጅ ሳለሁ በአንድ አንቀጽ አንብቤው አልፌ ነበር። ፈተና ላይ የሚመጣው ክራፕፍ ነው፤ ሚስቱ አትመጣም። መቃብሩ እስካሁን መኖሩን ያወቅሁት እዚያው ሞምባሳ ያረፍንበት ቤት እመቤት ስትነግረኝ ነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት የኒያሊን ድልድይ በባጃጅ ተሻገርን፤ እነርሱ ቱክቱክ ይሉታል። መጀመሪያ ኬንጌሌኒ ላይ ወረድን። ኬንጌሌ በስዋሂሊ ደወል ማለት ነው። በ1870ዎቹ አጋማሽ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች የሰፈሩባት ፍሬር ታውን የምትባል መንደር እዚህ ነበረች። የባሪያ ነጋዴዎች ሲመጡ መንደሩን ለማስጠንቀቅ ይደወል የነበረው ደወል ስሙን ለሰፈሩ አውርሶ ማማው አሁንም ከመንገዱ ዳር ቆሟል። ማታቱዎች ጡሩምባቸውን እየነፉ በአጠገቡ ያልፋሉ። ቀና ብሎ የሚያየው ሰው አላየሁም።

ከዚያ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድን። ሹፌራችን ቦታውን አያውቀውም ነበርና ሁለት ጊዜ ጠይቆ ነው ያገኘው። ለክራፕፍ መታሰቢያ የቆመ ሐውልት አለ፤ መቃብሩም እዚያው ነው። የመግቢያ ትኬት የሚቆርጥ የለም፤ ዕቃ የሚሸጥ የለም። ከውሃው ማዶ አሮጌው ከተማ ተዘርግቶ ይታያል። ልጄ መቃብሩን አየ፤ ቀጥሎ ወደ ማዶ አየ። ምንም አላለም። እኔም ስለ ምሽጉ ያነሣውን ጥያቄ አላስታወስኩትም።

ውድ እኅቶቼ፣ እዚህ ላይ ስለራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አለዚያ ስለ ቦታው የጻፍኩት ጎደሎ ይሆናል። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት በደቡብ በአንዲት ትንሽ ከተማ አገልግሎት ጀምረን ሳለ፣ የመጀመሪያ ልጃችንን በተወለደች በዘጠኝ ቀኗ ቀበርናት። በዓመቱ ወደ ሌላ አጥቢያ ተመደብን። የአገልጋይ ሕይወት እንዲህ ነው፤ ሻንጣ ይዘጋል፤ ይኬዳል። ሁለቱ ልጆቻችን እኅት እንደነበረቻቸው ያውቃሉ። መቃብሯን ግን አላዩም። እኔና ባለቤቴም ተመልሰን አላየነውም። ለብዙ ሴቶች ልጅ ሲሞትባቸው ሄጄ አጽናንቻለሁ። ስለ ራሴ ልጅ ግን ከባለቤቴ ጋር እንኳ ተቀምጠን አላወራንም። እሱ እኔን እንዳያስለቅስ ፈርቶ፣ እኔም እሱን እንዳላሳዝን ፈርቼ ዓመቱ ሄደ።

ታናሿ ልጄ የእንባን ታሪክ ስነግራቸው ሰምታ ነበርና፣ «የእኛዋስ ስሟ ማን ነበር?» አለች።

በቤተ ክርስቲያን በጸሎት ለጌታ በምናቀርባት ቀን ስሟን ልንናገር አስበን ነበር። አልደረሰችም። እኔ መልስ ስፈልግ ባለቤቴ፣ «ገና አላወጣንላትም ነበር» አላት። ከዚያ ብቻውን ወደ ውሃው ጠጋ ብሎ ረጅም ጊዜ ቆመ። ልጆቹን ይዤ ዝም አልኩ።

ክራፕፍ ከዚህ መቃብር ተነሥቶ ወደ አገሩ አልተመለሰም። በ1846 ዮሐንስ ሬብማን ከተባለ ባልደረባው ጋር ራባይ በሚባል ኮረብታማ መንደር ጣቢያ መሠረተ። ከሞምባሳ ወደ ውስጥ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሙዚየምና አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ስላለው ግማሽ ቀን ካላችሁ ሂዱ። ሬብማን በ1848 ኪሊማንጃሮን፣ ክራፕፍ በ1849 የኬንያን ተራራ አዩ። በምድር ወገብ አጠገብ በረዶ አየን ቢሉ በአውሮፓ ያሉ ሊቃውንት አላመኗቸውም ነበር። የኦሮሞን አገር በደቡብ በኩል መግባት ግን ክራፕፍ አልሆነለትም። በስተርጅናው በጀርመን ሆኖ ወደ ኦሮምኛ ትርጉም ሥራ ተመልሷል፤ አቡ ሩሚ የተረጎመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ታርሞ እንዲታተም ደክሟል። በ1881 ዐረፈ።

ለመሄድ የምታስቡ ከሆነ ኤፕሪልና ሜይ ከባድ ዝናብ ነው፤ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ያለው ጊዜ ቀዝቀዝ ይላል፤ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ሙቀቱ ለደጋ ሰው ይከብዳል። የወባ ነገር እዚያ ቀልድ አይደለም። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ የምታርፉበት ቤት አጎበር እንዳለው ጠይቁ። ወደ ኒያሊው መቃብር ስትሄዱ ባርኔጣና የሚጠጣ ውሃ ያዙ፤ ሹፌሩም እንዲጠብቃችሁ ንገሩት፤ ከዚያ ሌላ ባጃጅ ማግኘት ያስቸግራል።

እኛ በአምስተኛው ቀን በባቡር ተመለስን። ልጆቹ አንገታቸውን አስደግፈው ተኝተዋል። ጻቮን ስናልፍ ባለቤቴ ወደ ውጭ እያየ፣ «ወደዚያ የሚወስደው መንገድ አሁን አስፋልት ሆኗል ሲሉ ሰማሁ» አለ። የትኛው መንገድ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

«ከሐዋሳ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አልኩት።